አንድ ክንድ ከመሬት በላይ

እኔ ቅናቴን ደብቄ አላውቅም። «እኔ እንኳ አልቀናም» የሚሉ ሴቶችን ስሰማ ይገርመኛል፤ ወይ ባላቸውን አይወዱትም፣ ወይ ይዋሻሉ። እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም አንጀቴ እስኪያር ድረስ። የቀናሁባት ልጅ ባሌን አልነጠቀችኝም። የነጠቀችኝ ኮርቻዬን ነው።

ኮርቻ ስል የፈረስ እንዳይመስላችሁ። ባሌ መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጥቁር ኮት ለብሶ ምትሃት ያሳያል። እሱ «ትርኢት» በይው ይለኛል። ከሰው ጆሮ መሀረብ ያወጣል፣ እንቁላል ያጠፋል፣ የጠፋውን እንቁላል ከሙሽራ ኪስ ያገኛል። በዚያ ኮት ረጃጅም እግሮቹን እያነሳ ሲንጎራደድ ዓሳ ገበያ የሚቆመውን ባለ ረጅም እግር ወፍ፣ አባ ኮዳን ይመስለኛል፤ ነግሬው ሳምንት አኩርፎኛል። ለልደት፣ ለምረቃ፣ አንዳንዴም ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ይጠሩታል። ሰው የሚፈልገው ግን መሀረቡን አልነበረም። ሁሉም የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ሴት ከመሬት ስትነሳና አየር ላይ ስትቆም ለማየት ነው።

ለዚህ የሚሆነውን ዕቃ ባሌ ራሱ ነው የሠራው። ከወፍራም ላሜራ የተቆረጠ መታጠቂያ ነው። ውስጡ ስፖንጅ አለው፣ ጭን ላይ የሚያያዙት ሁለት ማሰሪያዎች ከተጣለ መኪና ቀበቶ የተቆረጡ ናቸው፣ ከጀርባው ደግሞ እንደ ምላስ ወደ ኋላ የወጣ ብረት አለ። ሰው ስለሚቀመጥበት እኛ ቤት ኮርቻው ይባላል። ሴትየዋ ከቀሚሷ ሥር ትታጠቀውና ጥቁር መጋረጃ ፊት ትቆማለች። ምላሱ በቀሚሷ ጀርባ፣ ከዚያም በመጋረጃው እጥፋት መካከል ሾልኮ ከኋላ ቆሞ የሚጠብቅ ቱቦ ላይ ይሰካል። ቱቦው የቆመው የመኪና ክሪክ ላይ ነው። የክሪኩን እጀታ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ቱቦው ይነሳል፣ እሷም አብራ ትነሳለች። ከፊት የተቀመጠው ሰው የሚያየው የተንጠለጠሉ ሁለት ጫማዎችንና ፈገግ ያለች ሴት ብቻ ነው። ከፍታው ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሰው አንድ ክንድ ከመሬት ከተነሳ ግን ቀሪው ትርፍ ነው።

የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነበርኩ። በእኔ ወገብ ተለክቶ ነው የተሠራው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የሰው ቀሚስ ጫፍ ስዘመዝም የምውል። ደንበኛ መጥቶ ሲያዋራኝ እንኳ የሚያየው ጨርቁን ነው። እዚያ ላይ ስሆን ግን መቶ ሰው አፉን ከፍቶ እኔን ያያል። ብረቱ ጎኔን ይበላኛል፣ ትንፋሼ ያጥራል፣ እግሬ ይደነዝዛል፤ ቢሆንም ባሌ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «ይኸውላችሁ!» ሲል ዓለም ሁሉ የእኔ ይመስለኛል። በሥራ ቀን እንዲህ ብሎ ለማንም አሳይቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ልጃችን በቀዶ ጥገና ተወለደች። ከወራት በኋላ ኮርቻውን ሳወጣው አልገጥም አለ። ቀሚስ ቢሆን ጎኑን እለቀው ነበር፤ ብረት ግን ጎኑ አይለቀቅም። ሐኪሟም «ሆድሽን በምንም ነገር አጥብቀሽ አትሰሪ» አለችኝ። ባሌ ዕቃውን አገላብጦ አየና «እንግዲህ ለጊዜው ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለ። ያ «ለጊዜው» ሁለት ዓመት ሆነ።

ሌላዋን ሰው ያመጣኋት ራሴ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው። ልጅቷ ከከተማው ዳር ካለችው ቡሹሎ የምትመላለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗን ኳየር ጋዋን ልታሰፋ ነበር የመጣችው። ሜትሬን ወገቧ ላይ አዙሬ ልኩን ሳየው ሙያዬ ቀደመኝና «ወይ ጉድ! እንዲህም ያለ ወገብ አለ?» ብዬ ጮህኩ። ባሌ በር ላይ እጁን በጋዝ እየታጠበ ነበር። ቀና አለና «ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። የኮርቻው ልክ መሆኑን የተረዳሁት ቁጥሩ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ልጅቷ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች፤ ብረቱን ስታየው ደግሞ ይበልጥ ሳቀችና «ይኼ ብቻ ነው?» አለች። ለእናቷ ቅዳሜና እሁድ ልብስ ሰፊ ቤት እየረዳሁ ነው አለቻቸው። ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ አንዳንዴ ቁልፍ ትተክልልኛለች። ባሌን ጋሼ አለችው፣ እኔን እትዬ። ጋሼው ይሁን፣ ፀጉሩም ሸሽቷል። በእኔና በእሷ መካከል ግን ያለው ሰባት ዓመት ነው። «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» ባለችኝ ቁጥር አንድ ጥርሴ የሚወልቅ ይመስለኛል።

ባሌ ጨዋ ሰው ነው፤ ያላገባች ልጅ ወገብና ጭን ላይ እጁን አያሳርፍም። ስለዚህ የማስታጥቃት እኔ ነኝ። ጓዳ አስገብቼ፣ ተንበርክኬ፣ በእኔ ልክ የተሠራውን ብረት በሰው ወገብ ላይ እቆልፋለሁ። ኮርቻው ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ቆዳዋ እንዳይላጥ ስፖንጁን አስተካክላለሁ፣ ቀሚሷን አለብሳለሁ፣ እጥፋቱን አወርዳለሁ። «አጠበቅኩት?» እላታለሁ። «ኧረ ምንም አይል እትዬ» ትለኛለች። ምንም አይልም! እኔን እኮ ጎኔን ልጦኝ ነበር።

ይህ ሳይበቃ ክሪኩም የእኔ ሆነ። ባሌ ከፊት ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ያስፈልጋል፤ ምስጢሩን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ድሮ ለእኔ የጋራዥ ጓደኛው ነበር የሚያነሳልኝ፤ እሱ ሥራ ሲለውጥ ቦታው ወደ እኔ መጣ። እንግዲህ አስቡት፤ የምቀናባትን ሴት በገዛ እጄ ወደ ላይ የማነሳት እኔ ነኝ። እኔ ራሴ የሰፋሁት ጥቁር ጨርቅ ጀርባ ተቀምጬ ላቤን እያፈሰስኩ እጀታውን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከወዲያ በኩል ሰዉ «ውይ! ውይ! ተነሳች!» ይላል። ጭብጨባው በጨርቁ ታፍኖ ይደርሰኛል። እኔ የሚታየኝ ጀርባዋ ላይ ያለው የስፌቴ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ክሪኩ አሮጌ ነበር፤ ዘይት ያንጠባጥባል። አንዴ አንስተው ከተዉት ቀስ እያለ ይወርዳል። እሷ ላይ እስካለች ድረስ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጨመር አለብኝ። ባሌ «ዘይት የሚያስወጣውን የውስጥ ጎማ እቀይረዋለሁ» ሲል ከረመ። የሰው መኪና የሚጠግን ሰው የቤቱን ዕቃ ሲጠግን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ምሽት እራት ላይ «ይቺ ልጅ ግን ቀላል ናት» አለኝ፣ ዓሳውን እየፈለፈለ። ጉርሻዬን መለስኩት። «ቀላል ከሆነች ለምን በእጅህ አታነሳትም?» አልኩት። ሳቀ። የእኔን ቅናት እንደ ጉንፋን ነው የሚያየው፤ ሁለት ሦስት ቀን አስነጥሳ ይለቃታል ብሎ ያስባል። እኔ ግን ያን ቃል ይዤ ተኛሁ። እኔ ስነሳ በነበረበት ጊዜ ቀላል ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ከባድ ነሽም አላለኝም። ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ እሱም አንዱ የሚያናድደኝ ነገር ነው።

ነገሩ የፈነዳው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ምረቃ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ምሳ በልቶ፣ የተመራቂው ጓደኞች ባሌን በድብቅ ጠርተውት ነበር። የተመራቂው አያት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በሰፈሩ ሰው የሚያከብራቸው የጸሎት እናት ናቸው። ምን እንደሚመጣ አልነገሯቸውም። መሀረቡ ወጣ፣ እንቁላሉ ጠፋ፣ ልጆች ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ መጋረጃው ፊት ቆመች። ቱቦው ላይ ስትሰካ ድምፁ ተሰማኝ፤ እጀታውን ጀመርኩ። እንደ ወትሮው «ውይ!» አለ ሰዉ። ከዚያ እንደ ወትሮው ሳይሆን ጸጥ አለ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«በኢየሱስ ስም!» አለ የአሮጊት ድምፅ፤ ግን ድንኳኑን የሚያናውጥ ድምፅ ነው። «አንተ የአየር መንፈስ፣ ይቺን ልጅ ልቀቃት! በኢየሱስ ስም እልሃለሁ፣ አውርዳት!»

እኔ ጸሎት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። እናታችን «በኢየሱስ ስም» ካለች በእጃችን የያዝነው ማንኪያም ይሁን ሕፃን መሬት ይቀመጣል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ይዘረጋል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እጃችን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ያን ቀንም እጄ ቀደመኝ። እጀታውን ለቅቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ «አሜን!» አልኩ። አያትየው ቀጠሉ፤ እኔም አሜን እያልኩ ቀጠልኩ። ዓይኔን የገለጥኩት ድንኳኑ በ«ሃሌሉያ» ሲናወጥ ነው። ቱቦው ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል።

ከፊት የታየው ምን እንደሆነ ኋላ በስልክ ተቀርጾ አየሁት። ልጅቷ ፈገግ እንዳለች አየር ላይ ቆማለች። አያትየው ይገስጻሉ። እሷም በተገሠጸች ቁጥር ቀስ፣ ቀስ እያለች ትወርዳለች። እግሯ መሬት ሲነካ ደንግጣ አለቀሰች፤ መንፈስ የለቀቀው ሰው የሚያለቅሰውን ልቅሶ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማት? እልልታው፣ ዝማሬው፣ ውሃ አምጡላት የሚለው ሁሉ አንድ ላይ ሆነ። ባሌ በጥቁር ኮቱ፣ ከሰዉ መሐል ቆሞ እንቁላል በእጁ እንደያዘ ቀረ። የምረቃው ድግስ ወደ ምስጋና ጸሎት ተለወጠ።

ቤት ስንገባ በሩን እንኳ ሳይዘጋ «ቀንተሽ ነው ያወረድሻት» አለኝ።

«ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ክሪክ ተይዞ የሚጸለየው?»

«ክሪኩንማ ለቅቄ ነው የጸለይኩት። የወረደችው ለዚያ አይደል እንዴ!»

አላመነኝም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው ግን ቢያንስ አይጧን አይጠላትም ነበር። እኔ እጠላት ነበር፣ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ንጹሕነቴን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። እንዲያውም የቆጨኝ ሌላ ነው፤ መወቀሴ ካልቀረ ምነው አስቤበት ባወረድኳት ብዬ ተንጨረጨርኩ።

ቪዲዮው ከልጅቷ ቀድሞ ቡሹሎ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን እኛ ቤት መጣች፤ ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋ በአንድ በኩል እየተጎተተ። ከኳየሩ «ለጊዜው ተቀመጪ» ተብላለች። እናቷ በር ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ፣ በየማታው ሊጸልዩላት ሰዎች ይመጣሉ።

«ብረት ነው አልኳቸው እትዬ» አለችኝ። «መታጠቂያ ነው፣ ክሪክ ነው አልኳቸው። ‹አየሽ፣ እንዲህ ብሎ የሚያስወራሽ መንፈሱ ነው› አሉኝ። ዝም ስል ደግሞ ‹አፏን ዘጋት› አሉ።»

ባሌ ጭንቅላቱን ያዘ። ዕቃውን ለእናቷና ለተመራቂው አያት ማሳየት አለብን አልኩት። «ምስጢሩ ከወጣ አበቃልን» አለኝ። «የእሷስ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት። እሱም «ማን ይታጠቀዋል ታዲያ? እሷ እናቷ ፊት ዳግመኛ አትነሳም...» ሳይጨርስ «እኔ» አልኩ። ለልጅቷ አዝኜ ነበር፤ እውነት ነው። «እኔ» ያልኩት ግን በዚያ ምክንያት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጨርቅ ጀርባ የተቀመጠች ሴት መድረክ ሲቀርብላት ምክንያት አትጠይቅም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ነው የተደረገው። አያትየው በባጃጅ መጡ፤ የልጅቷ እናትም ነጠላቸውን አጥብቀው፣ ከልጃቸው አንድ እርምጃ ሳይርቁ ገቡ። እናትየው አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ ልጅቷ በሲዳምኛ ታስረዳቸዋለች። መጋረጃ የለም፤ ቱቦውም ክሪኩም ፀሐይ ላይ ወጥተዋል። እኔ ግን እንደ ትርኢት ቀን ነው የለበስኩት። ሰማያዊ ቀሚሴን አደረግኩ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ኩል ተቀባሁ። ባሌ ኮርቻውን ከቀሚሴ በላይ ሊያስታጥቀኝ ሞከረ፤ እንደ ፈራሁት አልገናኝ አለ። ከጋራዥ ያመጣውን የካላማዳሪያ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ በሁለቱ ጫፎች መካከል ወጥሮ አሰረው። ጭኔ ላይ ያለውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ እጁ ሲነካኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እጀታውን የያዘችው ልጅቷ ናት። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ዝግጁ ነዎት እትዬ?» አለችኝ።

«አንሺኝ» አልኳት።

አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ተረከዜ መሬቱን ለቀቀ፣ ከዚያ ጣቶቼ። ልጅቷ አላበች፤ ይበላት፣ እኔ ቀላል አይደለሁም። ካላማዳሪያው ተለጠጠ፣ ብረቱ የድሮ ቦታውን ጎኔ ላይ አገኘው። የአጥሩ ቆርቆሮ ጫፍ፣ የጎረቤት ማንጎ፣ ሁሉም ትንሽ ዝቅ አሉ። ፈገግታዬን አስተካክዬ «ውይ!» የሚለውን ጠበቅኩ።

ማንም ውይ አላለም። ወደ ታች ሳይ ሁሉም ጎንበስ ብለዋል። ባሌ ክሪኩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «አዩት እማማ፣ እዚህ ውስጥ ዘይት አለ፤ ይሄ ሲጫን ዘይቱ ይሄን ይገፋዋል...» ይላል። አያትየው መነጽራቸውን አድርገው ቱቦውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እና እኔ የገሠጽኩት ይሄን ነው?» አሉ።

«አዎ እማማ፣ እርስዎ የገሠጹት ክሪኩን ነው።»

«ታዲያ እንዴት ታዞ ወረደ?»

«ዘይት ያፈሳል እማማ። እርስዎ ሲጸልዩ የሚያነሳው ሰው አሜን ሊል ለቀቀው።»

«ለቀቀችው» እንኳ አላለም። የልጅቷ እናት አንድ ነገር ጠየቁ። ልጅቷ እጀታውን ሳትተው ተረጎመች፤ «የበቆሎ ጆንያ ያነሳል ወይ ትላለች።» እናትየው ከመጡ ጀምሮ ፊታቸው ሲፈታ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። የልጃቸው ስም ጸዳ ብዬ እፎይ አልኩ። ባሌ ግን ፊቱ ሁሉ በራ።

«እንዴት አያነሳም! ይኸው እሷን አንስቶ የለ!» አለና ወደ እኔ በአውራ ጣቱ አመለከተ። ቀና አላለም።

«ወደዚህም ተመልከት እንጂ» አልኩት።

«ቆይ አንዴ፣ ዘይቱን ላሳያቸው።»

ቱቦውን በመዳፉ ከላይ ወደ ታች እየዳሰሰ ያስረዳል። ድምፁ ለስለስ ብሏል። በትዳራችን እንደዚያ ባለ ድምፅ አውርቶኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ዳስሶኝም አያውቅም። ልጅቷ ላቧን በትከሻዋ ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ያየችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

«እኔንም እንደዚሁ ነበር እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ስወርድ ‹ጎበዝ› እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ‹ክሪኩ ነቀነቀሽ ወይ?› ነው የሚለኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተገላበጥኩ የተቃጠልኩባት ልጅ ይህን አለችኝ። ቅናቴ ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልለቀቀኝም፤ ከልጅቷ ላይ ተነስቶ እዚያ የዘይት ዕቃ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። በሰው መቅናት እንኳ ይሻላል፤ ሰው ያረጃል፣ ያገባል፣ ይሄዳል።

«ላውርድዎት?» አለችኝ፤ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ።

«ትንሽ ያዢኝ» አልኳት። «እስኪያስታውሰኝ።»

ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ያዘችኝ፤ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ ሁለታችንም የባሌን ጀርባ እያየን ጠበቅን።